የለውዝ ቅቤ በቤት፦ ሳያር፣ ሳይመር፣ ኪስ ሳይጎዳ

ለመጀመሪያ ጊዜ የለውዝ ቅቤ የሠራሁት በሁዳዴ ጾም ነው። ልጆቼ ደረቅ ዳቦ በሻይ ሰልችቷቸው ነበር። ሱፐርማርኬት ገብቼ የብልቃጡን ዋጋ አየሁና መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወደ ገበያ ወረድኩ። ከተደረደሩት ጆንያዎች መሀል በጣም ርካሹን መረጥኩ። አብዛኛው ስባሪ ነበር። አንዳንዱ ፍሬ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ተጨማዷል። «ከተፈጨ በኋላ ማን ያየዋል» ብዬ 2 ኪሎ ገዛሁ።

ቆላሁት፣ ፈጨሁት። መልኩ ያምር ነበር። ትንሿ ልጄ በጣቷ ዛቅ አድርጋ ቀመሰችና ፊቷን አጨፈገገች። መራራ ነው። ጨው ጨመርኩ፣ ስኳር ጨመርኩ። ምሬቱ ንቅንቅ አላለም። 2 ኪሎውን በሙሉ ደፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። አሁን በእርግጠኝነት የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። የለውዝ ቅቤ የሚረክሰው በጉልበታችን ነው። ለቅመን፣ ቆልተን፣ ፈልፍለን፣ ራሳችን ስንፈጨው ነው ዋጋው የሚወርደው። በፍሬው ጥራት ላይ ለመቆጠብ ከሞከርን ግን ብሩም ይሄዳል፣ ጤናም ይነካል። ለምን እንደሆነ መልቀሙ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መግዛት

ለውዝም በሉት ኦቾሎኒ፣ ገበያ ላይ የሚሰጧችሁ አንድ ነው። አገር ውስጥ ስሙ የገነነው የባቢሌ ለውዝ ነው። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሄደ ሰው ባቢሌን ሲያልፍ ለውዝ ሳይገዛ አይመለስም። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝም ይመጣል።

የምትገዙት ጥሬውን ይሁን። የቆሎ ቤቱ የተቆላ ለውዝ ለመቆርጠም ጥሩ ነው፤ ለቅቤ ግን ሁለት ችግር አለው። የሰው ጉልበት ስለተጨመረበት ይወደዳል። መቼ እንደተቆላም አይታወቅም። ከተቆላ የቆየ ለውዝ ዘይቱ ይለወጣል፤ ቅቤው ላይ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ እህል በረንዳ፣ ሾላ ወይም የሰፈራችሁን እሁድ ገበያ ሞክሩ። የሸማቾች ሱቅም አልፎ አልፎ ያመጣል። 3 ወይም 4 ጎረቤት ሆናችሁ በጋራ ብትገዙ ነጋዴው ዋጋ ይቀንሳል። እኛ ዕቁብ የምንጥል ሴቶች እንደዚያ ነው የምናደርገው። የሐረርጌ ምርት የሚነሳው በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አዲስ ለውዝ ጠይቁ።

ባለቅርፊት ይሻላል ወይስ የተፈለፈለ? ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ኪሎ ባለቅርፊት ለውዝ ሲፈለፈል ከ650 እስከ 700 ግራም ያህል ፍሬ ይወጣዋል። ስለዚህ የባለቅርፊቱን ዋጋ በ1.5 አባዙት። ባለቅርፊቱ 100 ብር ቢባል የፍሬው ዋጋ 150 ብር መጣ ማለት ነው። የተፈለፈለው ከዚያ በታች ከተሸጠ የተፈለፈለውን ግዙ። ከዚያ በላይ ከሆነ ባለቅርፊቱን ግዙና ማታ ከልጆች ጋር እየተጫወታችሁ ፈልፍሉት። ዋጋው እኩል ቢሆን እኔ ባለቅርፊቱን እመርጣለሁ። ቅርፊቱ ፍሬውን ከእርጥበትና ከነቀዝ ይጠብቀዋል።

ነጋዴውን «አንድ ላያት» ብላችሁ አስፈቅዱና አንድ ፍሬ ንከሱ። ጥሩ ለውዝ ቀጭ ይላል፣ ጣፈጥ ይላል። ከለመጠ እርጥበት አለው። ከመረረ ጥላችሁ ሂዱ። እጃችሁንም ጆንያው ውስጥ አጥልቃችሁ ከታች ዝገኑና አሽትቱ። የምድር ቤት ሽታ ካለው፣ ያ ሻጋታ ነው።

መልቀም

ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት እለምናችኋለሁ።

ለውዝ የሚያፈራው መሬት ውስጥ ነው። ሲነቀል በደንብ ካልደረቀ ወይም እርጥብ መጋዘን ከገባ ይሻግታል። ለውዝ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በአጭር ጊዜ አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ። ይህ መርዝ የታወቀው በዚያ ነው። ሰው ላይ ጉበትን ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል።

«ይቆላ የለም እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መቁላት መርዙን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። ማጠብም አያወጣውም። ደግነቱ መርዙ በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አይገኝም። በብዛት የሚገኘው በጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ላይ ነው። እነዚያን ማውጣት እኛ ቤት ውስጥ ልናደርግ ከምንችለው ሁሉ የበለጠ ይረዳል። እኔ ያን ጊዜ የገዛሁት ርካሽ ለውዝ ሌላው ለቅሞ የጣለው ነበር ማለት ነው።

ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ተቀመጡ። ማታ በመብራት አይታይም። የሚወጡት እነዚህ ናቸው፦

- የጠቆረ፣ የቢጫ ወይም የአረንጓዴ ነጥብ ያለው፣ ዱቄት መሳይ ነገር የያዘው
- የተጨማደደና የቀጨጨ
- ነቀዝ የበሳው
- የበቀለ
- ገለፈቱ ተገልጦ መልኩ የተለወጠ ስባሪ

አጠራጣሪ ፍሬ ካገኛችሁ ለሁለት ክፈሉት። መሀሉ ላይ ግራጫ ወይም ቢጫ ካያችሁ አትርፉለት። ከ1 ኪሎ አንድ እፍኝ ያህል ቢወጣ አትደንግጡ። ከሩቡ በላይ ከወጣ ግን መልሱት፤ ካልመለሱላችሁም ከዚያ ሱቅ ዳግመኛ አትግዙ።

የወጣውን ለዶሮ አትስጡ፣ ለላምም አትስጡ። ላም የበላችው መርዝ ወደ ወተቷ ያልፋል። ይጣል።

መቁላት

ጣዕሙ የሚወለደው እዚህ ነው። ጥሩ የተቆላ ለውዝ ስኳርም ቅመምም አይፈልግም።

መቁላቱን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። መጀመሪያ ስነግራቸው «ቅቤ? በጾም?» ብለው ደንግጠው ነበር። የለውዝ መሆኑን ሲሰሙ ሳቁና ምጣዱን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ እንደ ቡና ቁዪው። እሳቱን አትመኚው፣ እጅሽን አታሳርፊ» አሉኝ።

የቡና መቁያው ብረት ምጣድ ይበቃል። በአንዴ ከግማሽ ኪሎ በላይ አታድርጉ። ከበዛ የታችኛው ሲያር የላይኛው ጥሬ ይቀራል። እሳቱን ከመካከለኛ ዝቅ አድርጉ። ከሰልም ከሆነ ፍሙ አመድ ይልበስ። ከዚያ ሳታቋርጡ አማስሉት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ።

መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ወደ 7 ደቂቃ ላይ የጥሬነት ሽታው ይጠፋል። ከዚያ ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል፤ ገለፈቱ እየተሰነጠቀ ነው። ቀጥሎ ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ከዚህ በኋላ ዓይናችሁ ምጣዱ ላይ ይሁን። አንዱን አውጡ፣ አብርዱ፣ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ የማር ወለላ መልክ ከያዘ ደርሷል። ነጭ ከሆነ ቀረው። ቡኒ ከሆነ አልፏል።

አንድ ነገር አስተውሉ። ለውዝ ትኩስ ሳለ ለስላሳ ነው። «ገና አልተቆላም» ብላችሁ ከቀጠላችሁ ታሳርሩታላችሁ። ቀጭ የሚለው ሲበርድ ነው። ከምጣዱ ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡትና ሰፌድ ላይ ወዲያው ዘርጉት። ምጣዱ ላይ አትተዉት።

ኦቨን ያላችሁ በ170 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጉት፤ በየ5 ደቂቃው አገላብጡት። ለጥቂት ለውዝ ብላችሁ ግን ኦቨን አትለኩሱ፤ መብራቱ ይቆጥራል።

ገለፈቱን ማውጣት

ለብ ሲል በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ እሹት። ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ በሰፌድ አበጥሩት፤ ቤት ውስጥ ካደረጋችሁት ገለፈቱ ለሳምንት አይለቃችሁም። ጥቂት ቢቀር ችግር የለውም። በጣም ከበዛ ግን አፍ ያንቀራል።

ገለፈቱ ሲወጣ የተደበቀ የተበላሸ ፍሬ ይገለጣል። አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ድገሙት።

መፍጨት

ለውዝ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ዘይት ነው። ስለዚህ ዘይት መጨመር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሀል ላይ ተስፋ ቆርጦ ውሃ ወይም ብዙ ዘይት ሲጨምር ነው።

ብሌንደር ካላችሁ፣ በአንዴ 300 ግራም ያህል፣ ገና ለብ እያለ ጨምሩ። ሲሞቅ ዘይቱ ቶሎ ይለቃል። 1 ደቂቃ አስነሱ፣ 2 ደቂቃ አሳርፉ። በየመሀሉ ሶኬቱን ነቅላችሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በማንኪያ ወደ ታች አውርዱ።

መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል። ቀጥሎ እንደ ሊጥ ይጠቀለልና ስለቱ በባዶው መዞር ይጀምራል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚች ጋ ነው። አትቁረጡ። አሳርፉት፣ አውርዱት፣ ደግማችሁ አስነሱት። ከ3 ወይም ከ4 ዙር በኋላ ድንገት ያብረቀርቃል። ላላ ይልና ከማንኪያ ላይ እንደ ማር መውረድ ይጀምራል። የብሌንደሩ ሞተር የሚሸት ከሆነ ግን ወዲያው አቁሙና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ብሌንደር ካቃጠላችሁ የቆጠባችሁት ሁሉ ሄደ። አቅሙ ደካማ ከሆነ ለ300 ግራም 1 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩለት። ከዚያ አይብለጥ።

የቡና መፍጫም ይሠራል። 4 ማንኪያ 4 ማንኪያ እያደረጋችሁ ነው የምትፈጩት። ቀድማችሁ በደንብ ጥረጉት፤ የበርበሬ ሽታ ካለበት ቅቤው ያን ይዞ ይወጣል። በእጅ የሚዞር የሥጋ መፍጫ ያለው ሰው ደግሞ በትንሹ ወንፊቱ 3 ጊዜ ያሳልፈው።

መብራት ከሌለስ? ሙቀጫ አለ። ትኩስ ትኩሱን እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ ውቀጡት። ዱቄት ሲሆን ወደ ድንጋይ ወፍጮ አዙሩትና በመጁ ግፉት። ክንድ ያደክማል፤ 1 ኪሎ በአንዴ አትሞክሩ። ግን በመጅ የወጣ የለውዝ ቅቤ ጣዕሙ ልዩ ነው። ጥርስ ላይ ትንሽ ትንሽ ቅንጣት ይቀራል። እኔ ከብሌንደሩ አስበልጬ እወደዋለሁ።

የሰፈር ወፍጮ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ። ዘይቱ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ከሌላው እህልም ጋር ይቀላቀላል።

ማጣፈጥ

ጨው የግድ ነው። ለ1 ኪሎ 1 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ። ጨው ከሌለው ጣዕሙ ተኝቶ ይቀራል።

ስኳር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ብቻውን አድቅቃችሁ ፍጩት፤ ለ1 ኪሎ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቀረፋ ወይም የተፈጨ ኮረሪማ ቆንጠር ማድረግ ይቻላል። ትልልቆቹ ደግሞ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጋችሁ ሞክሩት። በትኩስ ዳቦ ላይ ከቡና በፊት የሚቀምስ ሰው ይደግማል።

ማር ብልቃጡ ውስጥ አትጨምሩ። ማር ውሃ አለው። ቅቤው ወዲያው ይጠጥራል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል። የምትወዱ ከሆነ ዳቦው ላይ አፍስሱት። ውሃ ደግሞ ጠብታም ቢሆን አይግባ። የለውዝ ቅቤ ያለ ፍሪጅ የሚቆየው ውሃ ስለሌለው ነው። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የተሠራው በዚሁ ምክንያት ከለውዝ ቅቤ ነው። በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረንሳይ ውስጥ ተፈጠረ፤ አሁን እዚህ አገራችን ሂሊና የሚባል ፋብሪካ ያመርተዋል። ከእሽጉ በቀጥታ ይበላል፣ ማብሰያም ንጹሕ ውሃም አይፈልግም። እግረ መንገዴን ልለምናችሁ፦ ያ እሽግ ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ብታዩ ለቁርስ ብላችሁ አትግዙት። የታመመ ሕፃን መድኃኒት ነው።

ለማብዛት የሚፈልግ ሰው 4 እጅ ለውዝ ላይ 1 እጅ በጣም የላመ የሽምብራ ቆሎ ዱቄት መቀላቀል ይችላል። ይከብዳል፣ 1 ወይም 2 ማንኪያ ዘይትም ይጠይቃል። ለዳቦ አይመቸኝም። ገንፎ ላይ ግን ያጠግባል።

ማስቀመጥ

ብልቃጡን በፈላ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ጠብ እስከማይል አድርቁ። ማንኪያውም ደረቅ ይሁን። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ 1 ወር አያስቸግርም፤ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 3 ወር ይቆያል።

ከቀናት በኋላ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። አልተበላሸም። የፋብሪካው የማይንሳፈፈው ብዙ ጊዜ የሚያረጋ ዘይት ስለሚጨመርበት ነው። ዘይቱን አትድፉት፤ ከደፋችሁት የታችኛው ድንጋይ ይሆናል። አማስሉት፣ ወይም ክዳኑን አጥብቃችሁ ብልቃጡን ለአንድ ሌሊት ገልብጡት።

1 ኪሎ ጥሬ ፍሬ ከለቀማ፣ ከመቁላትና ከገለፈት በኋላ ወደ 850 ግራም ቅቤ ይሰጣል። 340 ግራም በሚይዘው የሱፐርማርኬት ብልቃጥ ስትለኩት 2 ተኩል ነው። የለውዙን ዋጋ ለ2.5 አካፍሉና ሱቁ ካለው ጋር አወዳድሩት።

ውጭ አገር ያላችሁ ሒሳቡ ላያዋጣችሁ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የለውዝ ቅቤ ርካሽ ነው። በሕጋቸውም ቢያንስ 90 በመቶው ለውዝ መሆን አለበት፤ «ስፕሬድ» የሚል ከተጻፈበት ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ከጀርባው «ለውዝ፣ ጨው» ብቻ የሚለውን ፈልጉ። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች ደግሞ ሱቅ ገብታችሁ «ፉል ሱዳኒ» በሉ፤ ለውዝን እንደዚያ ይሉታል።

ለልጆች

ለውዝ የማይስማማው ሰው አለ። ለሕፃን ስታስጀምሩ በጣም በጥቂቱ፣ ገንፎው ውስጥ አቅጥናችሁ ስጡት። ፊቱ ካበጠ፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሹ ካጠረ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ወፍራሙን ቅቤ በማንኪያ አታጉርሱት፤ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ሙሉ ፍሬ ለውዝ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ያንቃል። ማር ደግሞ 1 ዓመት ላልሞላው ጭራሽ አይሆንም።

የለውዝ ሻይ

እኛ ቤት ቅቤው ቶሎ የሚያልቀው በዚህ ነው። ብርጭቆ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ አድርጉ። በ2 ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጡት፤ መጀመሪያ ይቋጠራል፣ ቀጥሎ ክሬም ይሆናል። ከዚያ ዝንጅብልና ቀረፋ የገባበት ሻይ በቀስታ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። ስኳሩን እንደ አፋችሁ። በክረምት ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ልጆቼ ከእራት በፊት የሚጠይቁት ይሄንን ነው።

ብልቃጡ ሲያልቅ አትጠቡት። ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ብርጭቆ ይወጣዋል። ሻዩን ለብ አድርጋችሁ ብልቃጡ ውስጥ አፍስሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ወዝውዙ። አረፋው ከላይ ሲቆም ለቀደመው ልጅ ስጡት።